የእናቴ ስለትና የጋሼ ፊርማ

ሰው ውጭ አገር ሄዶ ለመማር ምን ያስፈልገዋል ቢሉኝ፣ በደርግ ዘመን ባሕር ዳር ለነበርን ሰዎች መልሱ አጭር ነው፤ አንገቱን የሚሰጥለት ሰው። ጭንቅላት ያለው ሞልቶ ነበር። እንግሊዝኛውም ቢሆን ተፍጨርጭሮ ይገኛል። ወጪውን የሚችል የፈረንጅ ተቋምም ዕድል ከቀናው አይጠፋም። «ይህች ልጅ ተምራ ትመለሳለች፤ ባትመለስ እኔን ያዙኝ» ብሎ የሚፈርም ደመወዝተኛ ግን ከየት ይመጣል? እኔ ያገኘሁት አንድ ሰው ብቻ ነው። እሳቸውንም ባላገኝ ይሻል ነበር ወይ እያልሁ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ።

ያኔ በፕላን መሥሪያ ቤት ጀማሪ ባለሙያ ነበርሁ። ጀማሪ ባለሙያ ማለት ሌላው የደመረውን አኃዝ በንጹሕ ወረቀት የሚገለብጥ፣ ስብሰባ ሲጠራ ወንበር የሚደረድር፣ መፈክር ሲባል ደግሞ ግራ እጁን ከሁሉ ቀድሞ የሚያነሣ ማለት ነው። አንድ በጋ ወደ አንበሳሜ ላኩኝ። ገበሬው ከየተበተነበት ተነሥቶ ባንድ መንደር እንዲሰፍር ተደርጎ ነበርና፣ አዲሱ መንደር እንዴት እንደቆመ አይቼ እንድጽፍ ነው። ቤቶቹ በገመድ ተለክተው በመሥመር ቆመዋል። ከሩቅ ሲያዩዋቸው ያምራሉ። ውኃው ግን ከገደሉ ሥር ነው፤ እርሻውም ከጋራው ማዶ ቀርቷል። አንዲት ሴት እንስራዋን አዝላ ዳገቱን ስትወጣ አገኘኋትና «እንዴት ነው አዲሱ ቤት?» አልኋት። እንስራዋን እንኳ ሳታወርድ ከራሴ እስከ ጫማዬ ቃኘችኝና «አንቺ ነሽ ያመጣሽን?» አለችኝ። መንገድ ለቀቅሁላት።

ሪፖርቴ ላይ የውኃውን ነገር ጻፍሁ። ኃላፊዬ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘውና «ይሄ ፖሊሲ ነው። ፖሊሲ አንቺን አይመለከትሽም» አለኝ። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ እልኸኛ ነኝ፤ አይመለከትሽም ያሉኝን ነገር አገላብጬ ሳላይ እንቅልፍ አይወስደኝም። ታዲያ ፖሊሲ ማንን ነው የሚመለከተው? እኔ የምገለብጠው አኃዝ ከማን ጭንቅላት ወጥቶ ነው አንበሳሜ ላይ ቤት የሚሆነው? ይህን የሚያስተምር ትምህርት ቤት ካለ እዚያ መግባት አለብኝ አልሁ።

ትምህርት ቤቱ ከመሥሪያ ቤታችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተገኘ። አውሮፓ ያለ አንድ ተቋም ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ የመንግሥት ሠራተኞች በሕዝብ አስተዳደርና በፖሊሲ ጥናት ሁለተኛ ዲግሪ ይሰጣል፤ ትምህርቱንም መኖሪያውንም የአውሮፕላኑንም ይችላል ይላል። ወረቀቱ ፀሐይ እስኪያወይበው ድረስ ሰው አልነካውም። ሞስኮ ወይም በርሊን ቢሆን ኖሮ ካድሬዎቹ የእኅት የወንድማቸውን ልጅ አሰልፈውበት ነበር። የምዕራብ አገር ስለሆነ ግን ያየውም እንዳላየ ሆኖ ያልፋል፤ ቆሞ ሲያነብ መታየትም አንድ ነገር ነበር። እኔም ውኃ ሊጠጣ እንደሚሄድ ሰው እየተመላለስሁ በየመስመሩ አነበብሁት።

ለምን መማር እንደምፈልግ በእንግሊዝኛ ጽፌ መላክ ነበረብኝ። መከራው ጽሑፉን ሁለት ዓይነት ሰው የሚያነበው መሆኑ ነው። ፈረንጆቹ የሆዴን ካልነገርኋቸው አይቀበሉኝም፤ የመሥሪያ ቤታችን ካድሬ ደግሞ የሆዴን ካወቀ ማኅተሙን አይመታልኝም። ስጽፍ ስቀድ ሰንብቼ በመጨረሻ አንዲት ሴት ውኃ ለመቅዳት የምትወርድበትንና የምትወጣበትን መንገድ ብቻ ጻፍሁ። መንደሩን ከገደል አፋፍ ላይ ማን እንዳቆመው አንድም ቃል አልተነፈስሁም። ካድሬው ወረቀቱን ሲያገላብጥ ቆይቶ «ስለ ውኃ ነው?» አለኝ። «ስለ ውኃ ነው፣ ጓድ» አልሁት። ማኅተሙን መታልኝ። ፈረንጆቹም የሚገባቸው ገብቷቸው ተቀበሉኝ።

ደስ ብሎኝ ልሞት ነበር። ግን ደስታ ያኔ የሚደበቅ ነገር ነው፤ ለሰው ሁሉ አይነገርም። በዚያ ላይ ዋስ የሚባለው ነገር ከፊቴ ተገተረ። የቤታችን ስም ደግሞ ለዋስ የሚጋብዝ አልነበረም። ታላቅ ወንድሜን በቀይ ሽብር ጊዜ ነው ያጣነው፤ ከዚያ ወዲህ ቀበሌ ውስጥ የእኛ ቤት ሲነሣ ሰው ወደ መሬት ያያል። ዘመድ ተብዬው ዘንድ ዓይኔን በጨው አጥቤ ዞርሁ። አንዱ ጡረታዬ ተቃርቧል አለኝ። ሌላው ሚስቴን አሟታል አለ፤ ሚስቱ ከጓዳ ሆና ስትስቅ ይሰማኛል። አጎቴ ደግሞ ገና ከበር ሲያየኝ «ልጄ፣ የመጣሽበትን አትንገሪኝ» አለ። ብናደድም አልፈረድሁባቸውም።

ጋሼን አልጠየቅኋቸውም። ራሳቸው ናቸው የመጡት። ከአባቴ ጋር በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሠሩ፣ ከሐረር ተቀጥረው መጥተው በዚያው የቀሩ ሰው ነበሩ፤ የማቅለሚያ ክፍሉ ኃላፊ ስለሆኑ ጥፍራቸው ሥር ሁልጊዜ ሰማያዊ ነው። አባቴ ከሞተ በኋላም ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ሳይጠይቁን አያልፉም። «እኔ እያለሁ ሰው ቤት እየዞርሽ ነው አሉ» ብለው ተቆጡኝ። ጋሼ፣ ልጆች አሉዎት፣ የእኛን ቤት ነገር ያውቃሉ ብል ማን ሊሰማኝ። በማግሥቱ ኮታቸውን ለብሰው መሥሪያ ቤታችን መጡ።

ካድሬው የዋስትናውን ቃል ጮክ ብሎ አነበበው። ተማሪዋ ትምህርቷን ጨርሳ ካልተመለሰች ዋሱ በንብረታቸውም በራሳቸውም ተጠያቂ ናቸው ይላል።

«በራሳቸው ማለት ምን ማለት ነው?» አልሁት።

«ግልጽ ነው» አለኝ፤ ቀና ብሎም አላየኝ።

ጋሼ ሳቅ አሉና «በዚህ በመለጠ ራስ ምን ይሠሩበታል?» ብለው ፈረሙ። እጃቸውን ሲያነሡ ወረቀቱ ላይ ትንሽ ሰማያዊ ቀርቶ ነበር። እኔ እንደሆነ ልመለስ ነበር የማስበው፤ አምላኬ ያውቃል። ፈረንጅ አገር የመቅረት ሐሳብ በእውኔም በሕልሜም አልነበረኝም። ተምሬ መጥቼ ያንን ቀይ እስክሪብቶ ከኃላፊዬ እጅ መንጠቅ ነበር ምኞቴ።

እናቴ ግን እንደ ሌላ እናት መቼ ትሄጃለሽ፣ መቼ ትመጫለሽ፣ ምን ልሰንቅልሽ አላለችኝም። አንድ ቀን ብቻ «ስለት አለብኝ» አለችኝ። ጣና ላይ ደቅ ደሴት ካለው ታቦት ተስላ ኖሯል፤ የታቦቱ ዓመታዊ ንግሥም እኔ ልሄድ አካባቢ ነበር የሚውለው። «እምዬ፣ መጀመሪያ ልሂድ እንጂ፣ ስለት እኮ ነገሩ ሲፈጸም ነው» ብላት «ቪዛሽ ወጥቶ የለ? ለእኔ ተፈጽሟል» ብላ አፌን አስያዘችኝ። ምን ብላ እንደተሳለች ብጠይቃት አልነገረችኝም። ገበያ ካሉት ሙስሊም ነጋዴ ከፋይ ጨርቅ ገዝታ ጥላ አሰፋች። ነጋዴው የስለት መሆኑን ሲሰሙ የዳር ዘርፉን መርቀውላታል።

በእኛ አገር ስለት ሲገባ ዝም ተብሎ ተሰጥቶ አይኬድም። ታቦቱ ዞሮ ከዛፉ ሥር ሲቆም ባለስለቱ ይቀርባል፤ የተሳለውንም ነገር በሕዝቡ ፊት ይናገራል። የሚናገረውም በተሳለበት ቃል ነው። ቃሉን ያጎደለ ወይም የለወጠ ሰው ታቦቱን እንዳታለለ ይቆጠራል። ይህን ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ማወቄ ምን ጠቀመኝ፤ እናቴ የምትናገረውን ቀድሜ ላስብ አልተቻለኝም።

ጋሼና ባለቤታቸውም አብረውን መጡ፤ የእኔ መሸኛ ይሁን ብለው ነው። በሞተር ጀልባ ነው የሄድነው። ጀልባው ውስጥ ከቀበሌያችን የመጣ አንድ ሰው ነበረ፤ ጆሮ ጠቢ ነው እየተባለ የሚታማ። ሰላምታውን ሲሰጠን ጥሩ አድርጎ ነው፣ ጉልበት ስሞ። ጣና የዚያን ቀን ጭጋግ ለብሶ ዝም ብሎ ተኝቶ ነበር፤ የደቅ ዛፎች የታዩን ከደረስንባቸው በኋላ ነው። የጋሼ ባለቤት ውኃ ስለሚፈሩ መንገዱን ሁሉ የባላቸውን ኮት ጨምድደው ይዘው ነበር።

በማግሥቱ ንግሡ ሆነ። ታቦቱ ዞሮ ቆመ። ባለስለቶች በተራ ቀረቡ፤ መካን የነበረች ልጇን አቅፋ መጣች፣ ከብቱ ከበሽታ የተረፈለት ገበሬ ወይፈን ጎትቶ መጣ። ሕዝቡ እልል ይላል፤ ወንዱ ያጨበጭባል። የእናቴ ተራ ሲደርስ ጥላውን ዘርግታ ቀረበች። ቀጭን ድምፅ ያላት ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን ድምፅዋ ከወዲያ ማዶ ይሰማ ነበር።

«አንድ ልጄን በሉብኝ» አለች። «አንዷ ቀረችኝ። ይህችን ከዚህ አገር አውጣልኝ፣ ወጥታም ዳግመኛ እንዳትመለስ አድርግልኝ፣ እኔ ሳላያት ልሙት፣ ዕድሜዋን ግን ባዕድ አገር ስጣት ብዬ ለምኜህ ነበር። ይኸው በሩን ከፈትህላት። የቀረውን አምንሃለሁ። ይህን ጥላ ተቀበለኝ።»

እልል የሚል ጠፋ። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝሁ። ካህኑ አንዴ እናቴን አንዴ ሕዝቡን አዩና ጥላውን ተቀበሏት፤ ከዚያ አንዲት አሮጊት ከኋላ ብቻቸውን እልልታቸውን ለቀቁት። ሌላውም እየፈራ ተከተለ። ጋሼ በወንዶቹ በኩል ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ፊታቸው ላይ ያየሁትን አልረሳውም፤ ቁጣ አልነበረም። ሰው ቤቱ እየተቃጠለ ነው ሲሉት እንዲህ ነው የሚሆነው። ጆሮ ጠቢው ሰውዬ ከሳቸው ትንሽ ራቅ ብሎ በሁለት እጁ እያጨበጨበ ነበር።

በመመለሻው ጀልባ የጋሼ ባለቤት የባላቸውን ኮት ለቀው ፊታቸውን ወደ ውኃው አዙረው ተቀመጡ። ባሕር ዳር ስንደርስ ጋሼ እንደ ወትሮው ለእናቴ እጃቸውን ሰጥተው አወረዷት። ባለቤታቸው ግን ሳይሰናበቱን ሄዱ።

እቤት ስንገባ ፈነዳሁ። «እምዬ፣ ምን ሆነሽ ነው? ሰውዬውን ገደልሻቸው እኮ!» አልኋት። እናቴ ነጠላዋን አጥፋ እያስቀመጠች «ስሳል አልፈረሙም ነበር» አለች። እውነቷን ነው። የተሳለችው ፈረንጆቹ ሳይቀበሉኝ በፊት ነበር። «ቃሉን ባስቀር ደግሞ አንቺን መንገድ ላይ ያስቀርብኛል። ምን ላድርግ ልጄ?» አለችኝ። ላለቅስ ወይ ልቆጣ አላውቅም፤ ሁለቱንም አደረግሁ።

ሳምንቱ ሳያልቅ ካድሬው ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ። እሱ ሰው ያስጠራል እንጂ ሰው ዘንድ አይሄድም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና «ንግሡ እንዴት ነበር?» አለኝ። ደኅና ነበር አልሁት። «እናትሽ ጥሩ ጥላ ሰጡ አሉ። ቃሉም ጥሩ ነበር አሉኝ።» እናት ናት፣ የእናት ነገር ነው ብዬ ተንተባተብሁ።

«እኛ እናቶችን አንነካም» አለኝ ረጋ ብሎ። «ቪዛሽንም የነካው የለም። አዲስ አበባ ከፈቀደ እኔ ምን አግብቶኝ እከለክልሻለሁ? ሂጂ። ተማሪ።» ተነሥቶ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰና «ዋስሽ እዚሁ ናቸው» ብሎኝ ሄደ። ያን ቀን አንድ አኃዝ እንኳ አልገለበጥሁም።

ጋሼ እሑድ ከሰዓት ብቻቸውን መጡ። እናቴ በርጩማ አቀረበችላቸው። ቆብ የማያወልቁ ሰው ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«እሜቴ፣» አሏት፣ «እርስዎ የልብዎን ተናገሩ። እኔም የልቤን ልናገር። ፈርቻለሁ።»

«እውነት ነው ወንድሜ» አለች እናቴ።

«ፊርማዬን ላነሣ ነበር ዓርብ ዕለት የወጣሁት። መሥሪያ ቤቷ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ባነሣው ልጅቷ ትቀራለች፤ ቀርታስ ከዚያ ቃል በኋላ እዚህ ምን ይሉአታል?» ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ትመለሻለሽ?»

«እመለሳለሁ ጋሼ» አልሁ።

«አትመለስም» አለች እናቴ፤ ነገ ገበያ አይቆምም እንደምትል ያህል ቀስ አድርጋ።

ጋሼ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አዩ። ከሁለታችን ማንን ማመን እንዳለባቸው ጠፍቷቸው ነበር፤ እኔም ጠፍቶኝ ነበር። በእናቴ ስለት ብሄድ ጋሼን እበላቸዋለሁ። በጋሼ ፊርማ ብመለስ የእናቴን ስለት አፈርሳለሁ፤ ለእሷ ደግሞ የስለት መፍረስ ማለት የእኔ ሞት ነው። እሳቸው ቆባቸውን አድርገው ተነሡ። «ፈርሜያለሁ» አሉ፤ ሌላ ነገር አላሉም። እናቴ እስከ በር ሸኘቻቸው።

የሄድሁ ዕለት አውቶቡስ መናኸሪያ ላይ እናቴ አላለቀሰችም። አንገቴን አቅፋ በጆሮዬ «የት እንዳለሽ ጻፊልኝ። መቼ እንደምትመጪ አትጻፊልኝ» አለችኝ። አውቶቡሱ ሲነሣ ዞር ብዬ አየኋት፤ ፈገግ ብላ ነበር። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ያን ፈገግታ አላየሁትም ነበር።

ትምህርቱ የፈለግሁት ትምህርት ነበር። ውሳኔ ከየት እንደሚጀምር፣ በማን በማን እጅ እንደሚያልፍ፣ ሲበላሽ ማን እንደሚጠየቅ ተማርሁ። ቤተ መጻሕፍቱ ይሞቃል፤ መብራቱ አይጠፋም። ክፍሉ ውስጥ ከየአገሩ የመጣው ሰው መንግሥቱን እያብጠለጠለ ሲከራከር እኔ ሳላስበው በሩን ዞር ብዬ አያለሁ። አንድ ቀን መምህሬ በአገርሽ ተጠያቂነት እንዴት ነው ብሎ ጠየቀኝ። በእኛ አገር ተጠያቂ የሆነ ሰው አንድ አውቃለሁ፣ ጨርቅ ቀለም ውስጥ ነክሮ ያወጣል አልሁት። ክፍሉ ሳቀ። ቀልድ መስሏቸው ነው።

ለጋሼ መጻፍ አልቻልሁም። ከውጭ የመጣ ፖስታ እጃቸው ላይ ቢገኝ ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ትምህርቱ ሊያልቅ ሲል ያው መምህሬ ለዶክትሬት እንድቀጥል፣ ወጪውንም የሚችል ድርጅት እንዳገኘልኝ ነገረኝ። እዚያ ያሉ የአገሬ ልጆች ሰሙና ቤታቸው ጠሩኝ፣ አበሉኝ፣ አጠጡኝ። «እግዜር በር ሲከፍትልሽ አንቺ ትዘጊያለሽ?» አሉኝ። አገር ቤት ጦርነቱ ወደ ጎንደርና ወደ ጎጃም እየወረደ ነበር፤ ወጣቱ ከየመንገዱ እየታፈሰ ይሄዳል ይባላል። ምን ቆርጦኝ እመለሳለሁ?

በዚያ ሰሞን ለአጭር ሥልጠና የመጣ የመሥሪያ ቤታችን ባልደረባ ፈልጎ አገኘኝ። ባቡር ጣቢያ ሻይ ይዘን ተቀመጥን። አንድም አማርኛ የሚሰማ ሰው በሌለበት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው። ስለ ጋሼ ጠየቅሁት። ከማቅለሚያ ክፍል ኃላፊነታቸው አውርደዋቸዋል አለኝ። በየሳምንቱ ቀበሌ እየሄዱ መኖራቸውን ያስመዘግባሉ። ከባሕር ዳር መውጣት አይፈቀድላቸውም። ሐረር ያለው ታናሽ ወንድማቸው ሞቶ ቢለምኑ ቢያስለምኑ አንለቅዎትም ተብለው፣ ለቅሶውን ባሕር ዳር ድንኳን ጥለው ተቀመጡ። «ሰዉ እየፈራ ነው የደረሳቸው» አለኝ። ከዚያ ሻዩን አስቀምጦ «እናትሽም መልእክት ሰጥተውኛል» አለ። «ምን አለች?» «አደራ እንዳትመጣ ብለውሻል። ጋሼን አስረው ቢጠይቁሽም እንዳትመጪ ብለዋል።» ሁለቱንም የነገረኝ በአንድ አፍ፣ በአንድ ብርጭቆ ሻይ ላይ ነው።

ወሰንሁ አልልም። ውሳኔ የሚባለውን ነገር ክፍል ውስጥ በሥዕል አይቼዋለሁ፤ ሳጥን አለው፣ ቀስት አለው። የእኔው እንደዚያ አልነበረም። ለመምህሬ አልቀጥልም አልሁት፤ ለምን ቢለኝ ለማስረዳት ሞክሬ ተውሁት። የአገሬ ልጆች አብዳለች አሉ። ሌሊት ሌሊት እናቴ ትታየኛለች፣ ቀን ቀን ጋሼ። ወደ ሞቴ የምሄድ ነበር የመሰለኝ፤ ግን ሄድሁ።

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በየኬላው እየተፈተሽን ነው የመጣነው። አባይ ድልድይ ላይ ወታደሮቹ ወንዶቹን አስወርደው አሰለፉ፤ ከወረዱት ሁሉም ተመልሰው አልገቡም። ሹፌሩ ባዶውን ወንበር እንዳላየ ሆኖ ሞተሩን አስነሣ። እኔም መስኮት መስኮቱን እያየሁ መጣሁ።

የቤታችንን በር ገፋ አድርጌ ስገባ እናቴ ግቢው ውስጥ ልብስ እያሰጣች ነበር። እርጥብ ነጠላ በእጇ ይዛ ዞር አለችና አየችኝ። እምዬ አልሁ። ልትስመኝ አልመጣችም። እርጥቡን ነጠላ መሬት ጣለችው፤ የለበሰችውን አዘቀዘቀችና ባለችበት ዝርግፍ ብላ ተቀመጠች። ከዚያ እሪ አለች። ሬሳ የደረሰባት ሴት ናት እንዲያ የምትጮኸው። ደረቷን እየደቃች «ልጄን፣ ልጄን፣ አንድ የቀረችኝን» ትላለች፤ እኔ ሻንጣዬን እንደያዝሁ ፊት ለፊቷ ቆሜአለሁ። ላነሣት ብጠጋ በሁለት እጇ ገፋችኝ።

ጎረቤቱ ጩኸቱን ሰምቶ ተንጋግቶ መጣ። ውጭ አገር ያለችው ልጇ መርዶ መሰላቸው፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ፣ ገና ከበሩ እያለቀሱ ነው የገቡት። አንዷ እናቴን አቅፋ «ምን ነካብኝ ልጅሽን» ስትል ቀና ብላ እኔን አየችኝ። አፏ ተከፍቶ ቀረ። ሌሎቹም አንድ በአንድ አዩኝ። እንኳን ደኅና መጣሽ የሚለኝ የለም፤ ለቅሶውንም የሚተው የለም። ምን ማድረግ እንዳለባቸው ስላላወቁ እናቴ ዙሪያ ተቀመጡና አብረዋት አለቀሱ። እኔም ከነሻንጣዬ ከመካከላቸው ተቀመጥሁ።

ጋሼ የመጡት ኋላ ነው። ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው፣ ገና ከውጭ «ልጅቷ ናት? ምን ሆነች አሉ?» እያሉ ሲጠይቁ ድምፃቸውን ሰማሁት። ከስተዋል፤ ጥፍራቸው ነጭ ሆኗል። በሩን አልፈው ሲገቡ ዓይናችን ተገጣጠመ። ቆሙ። ከዚያ በእኔ አጠገብ አልፈው እናቴ ጎን መሬት ላይ ተቀመጡና ለቅሶ ደራሽ እንደሚያደርገው ራሳቸውን ደፉ።

«እሜቴ» አሏት። «እኔ ተረፍኩ። እርስዎን እግዚአብሔር ያጥናዎት።»

እናቴ እጃቸውን ያዘች፤ ለቅሶዋን ግን አላቆመችም።